መድረኩ የት ነው?

«ለማየት ብቻ ነው ይሄን ሁሉ የከፈላችሁት?» አሉኝ እትዬ።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ እህቴ ቤት ነን። ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋቢ ለብሻለሁ። ከጋቢው ስር ሹራብ አለ፤ ከሹራቡ ስር ሌላ ሹራብ። ከሁለት ሳምንት በፊት ከስምንት ዓመት ልጄ ጋር የዋልንበትን የሙዚቃ ፌስቲቫል በስልኬ እያሳየኋቸው ነው። እትዬ የእናቴ ታናሽ እህት ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ ከፍ እያደረጉ ፎቶውን አገላበጡና ዋጋውን ጠየቁ። ለአዋቂ 45፣ ለልጅ 15 ፓውንድ አልኳቸው። እህቴ ጓዳ ሆና በብር መታችው።

«ኧረ በስማም! በዚህ እኮ ጠቦት ይገዛል!»

«ለማየትና ለመስማት ነው» አልኩ። መልሱ ለራሴም አልጣመኝም።

የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ነው። ከኛ ወረድ ብሎ ሶመርሴት የሚባል አውራጃ አለ። በወተት ላምና በፖም ይታወቃል። ከፖሙ ሳይደር የሚባል መጠጥ ይጥላሉ፤ እትዬ «የፖም ጠላ በለኛ» ብለው ገላግለውኛል። ስመ ጥሩው የግላስተንበሪ ፌስቲቫልም የሚደረገው እዚያው ነው። በፈረንጆቹ 1970 አንድ የወተት ላም አርቢ እርሻው ላይ ሲጀምረው መግቢያው 1 ፓውንድ ነበር። ለገባ ሰው ከዚያው እርሻ የታለበ ወተት በነጻ ይሰጥ ነበር። ዛሬ 200 ሺህ ሰው ገደማ ይጎርፍበታል። እኛ የሄድንበት የዚያ የልጅ ልጁ በሉት። አንድ እርሻ፣ ሁለት ድንኳን፣ አንድ የእንጨት መድረክ። ሰው ከነልጆቹ፣ ከነአያቱ የሚውልበት ዓይነት።

በር ላይ ልጄ እጅ ላይ የጨርቅ ማሰሪያ አሰሩላት። ከውስጡ የኔን ስልክ ቁጥር ጻፉበት። የጠፋ ልጅ የሚቆይበት ድንኳን ከነጠባቂዎቹ አለ። የመጠጥ ውሃ በነጻ ይቀዳል። ሽንት ቤቱ ብዙ ነው፤ ሰልፉም ብዙ ነው፤ ግን እስከ ማታ ወረቀት አላለቀም። በዊልቸር የመጡት ከሰው ራስ በላይ ሆነው የሚያዩበት ከፍ ያለ ርብራብ ተሰርቷል። ሕፃናቱ ደግሞ ትልልቅ የጆሮ መሸፈኛ አድርገዋል፤ ሄሊኮፕተር አብራሪ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ቀንቻለሁ፤ አልደብቅም። እኛ አገር ሰርግ ላይ ስፒከር ስር የተኛ ጨቅላ ስንቴ አይቻለሁ። ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ልጁ ይተኛል። «ለምዶታል» ይላሉ። ምኑን ነው የለመደው? ጆሮው እየሄደ ይሆናል እኮ!

ከሰዓት በኋላ ኬይሊ የሚባል ጭፈራ ነበር። ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የመጣ ነው፤ እንግሊዞቹም ይወዱታል። ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን፣ ከበሮ። አንዲት ሴትዮ መድረክ ላይ ማይክ ይዛ ታዛለች። ወደ ፊት ሁለት እርምጃ! ዙሩ! አጨብጭቡ! እጅ ለእጅ! ሕዝቡ ሰልፍ እንደሚማር ምልምል ወታደር ይከተላታል። ይሳሳታል፣ ይላተማል፣ ይስቃል። መጀመሪያ እኔም ሳቅኩ። ያያቱን ጭፈራ በማይክ እየተነገረው የሚጨፍር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኋላ ግን ሳቄ ወደ ራሴው ዞረ። ልጄ እስክስታ የምትማረው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በሰዓት በምንከራየው አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚያም አንዲት ሴትዮ ፊት ቆማ «ትከሻ! ትከሻ!» እያለች ትጮሃለች።

ከሁሉ ያልተመቸኝ ሌላ ነው። ሁሉም ሣሩ ላይ ብርድ ልብሱን ዘርግቶ የየራሱን ግዛት ከልሏል። ካጠገባችን ካሉት ቤተሰብ ጋር ስድስት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ውለናል። ተፈጋግገናል። ብርድ ልብሳቸውን ስንረግጥ ይቅርታ ጠይቀናል። ስማቸውን አላውቅም፤ ስሜን አያውቁም። አንዴ ትንሹ ልጃቸው ዳቦዬን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆርሼ ዘረጋሁለት። እናትየው ፈጠን ብላ «አመሰግናለሁ፣ አለርጂ አለበት» አለችኝ። በትህትና ነው ያለችው። እውነቷንም ነው። እጄ ግን አየር ላይ ቀረ። የሚያየን ልጅ ትቼ መብላት ደግሞ አልቻልኩም፤ ዳቦውን ጠቅልዬ መልሼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ ልክ 4 ሰዓት ሲሆን ሙዚቃው ቀጥ አለ። የድምፅ ፈቃዱ እስከዚያ ነው። ሰዉ አንዴ «ኦ!» አለና ወንበሩን አጥፎ ወደ መኪናው ሄደ።

«ጭቃ ነው እንዴ ይሄ?» አሉ እትዬ ወደ ፎቶው ጎንበስ ብለው።

ጭቃ ነው። የነሱ በጋ ነበር፤ ሲያርከፈክፍ ነው የዋለው። ለልጄ የላስቲክ ቦት ጫማ የገዛሁት ለዚያ ቀን ነው። ወደዚህ ስንመጣ «ኢትዮጵያ ሞቃት ናት» ብላ ትታው መጣች። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ በሰንደል ጫማ። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይባላል። ደብረ ብርሃን ተረቱን አልሰማችም።

እሳት ዳር አስቀምጬ የቡሄን ነገር አጫወትኳት። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን ሲገልጥ እረኞቹ ያልመሸ መስሏቸው ውጭ መቅረታቸውን፣ ወላጆች ችቦ አብርተው ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው መውጣታቸውን፣ ሙልሙሉም ችቦውም ከዚያ መጣ መባሉን። ወዲያው ወደ ከተማው ስም ዞርኩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት አልኳት። ይሄን እያልኩ መብራት ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ ነው ጅራፉ የጮኸው። ጧ! እትዬ ከመደቡ ብድግ አሉ። ጧ! ሁለተኛው ሲደገም ጋቢያቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው ነበር። እትዬ አጣዬ ነበር ቤታቸው። በ2013 ሲቃጠል በለበሱት ልብስ ወጥተው እህቴ ጋ መጡ፤ እስካሁን እዚሁ ናቸው። «ጅራፍ ነው እትዬ፣ ልጆቹ ናቸው» አለቻቸው እህቴ። «አውቄያለሁ፣ አውቄያለሁ» አሉ። ሳቁ፤ ግን ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደባቸው።

ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ገቡ። ስምንት ይሆናሉ። አውራጁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው፤ ድምፁ ግን የሰርግ ቤት አስጨፋሪ። ዱላቸውን መሬት ላይ እየደቁ «ሆ!» ይሉለታል። ለእህቴ አወረደላት፣ ለእትዬ አወረደላቸው። እኔን ገልመጥ አደረገኝና፦

«ጋሼ መጣልን ባሕር ተሻግሮ፣
ሙልሙሉን ትቶ ፓውንዱን ቋጥሮ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከየት ሰማ? ከመጣሁ ገና ሦስት ቀኔ ነው! እዚያ ማዶ ስድስት ሰዓት ጎኔ የተቀመጠ ሰው ስሜን አላወቀም። እዚህ በቅጡ አይቼው የማላውቀው ልጅ ኪሴን ቆጥሮታል። የቱ እንደሚሻል አትጠይቁኝ፤ እንደ ቀኑ ነው።

ልጄ እጄን ሳብ አደረገችኝ። «አባ፣ መድረኩ የት ነው? የት ነው የምንቀመጠው?»

እህቴ ሙልሙሉን አወጣች። ፍልሰታ ስለሆነ ከሱ ሌላ የሚሰጥም የለም። ድሮ ለየልጁ አንዳንድ ይታደል ነበር፤ ዘንድሮ በዱቄቱ ዋጋ ለሁለት አንድ ሆኗል። ልጆቹ ተቀበሉ፤ ዓይናቸው ግን ኪሴ ላይ ነው። «ዝርዝር አልያዝኩም» ብል ከኋላ ያለው ረዘም ያለ ልጅ «ጋሼ፣ በቴሌብርም ይቻላል» አለኝ። ቁጥሩን ነገረኝ፤ የእናቱ ነው። ላኩለት፤ ምን አደርጋለሁ!

ልጄ አብሬ ካልሄድኩ አለች። አውራጁ ተከዘ። «ሴት አትገባም እኮ» አለ፤ እንደ ማዘንም ብሎ። «የነሱ እንቁጣጣሽ ነው፤ አበባየሆሽ።» ልክ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ግን እንቁጣጣሽ ሲደርስ እኛ የለንም፤ ትምህርት ቤት ይከፈትባታል። ፌስቲቫሉ ላይ ደግሞ ወንድ ሴት ሳይባል ከበሮ ስትመታ ውላለች። ይሄን እንዴት ብዬ ላስረዳት? «አይቻልም» የሚለውን ብቻ ተረጎምኩላት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ያኔ እትዬ ጣልቃ ገቡ። «ዘፈኑን አትዘፍንም። ሙልሙሉን ግን ማን ይሸከምላችኋል?» አሉ። ልጆቹ ተያዩ። ከረጢቱ የሚከብድበት ትንሽ ልጅ ቀድሞ ተስማማ።

ባትሪ ይዤ ከኋላ ተከተልኳቸው። ሦስት ቤት ሄድን። ባለሱቁ ቤት አወራረዱ ረዘመ፤ ሰውዬው እስኪያወጣ አልለቀቁትም። ቀጣዩ በር ላይ ሲደርሱ አውራጁ እጁን ከፍ አደረገ፤ ጅራፉ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት ስንኝ ብቻ ብሎ መረቀ። ለምን ብዬ ስጠይቀው በሹክሹክታ «ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም» አለኝ። በአስተባባሪ ሰደርያ የሚዞር ሰው የለም። ፕሮግራም የተጻፈበት ወረቀትም የለም።

1 ሰዓት ተኩል ላይ እናቶች በየበሩ ቆመው መጣራት ጀመሩ። እኛ ልጅ ሳለን የቡሄ ዋዜማ እስክንደክም ነበር የምንዞረው። አሁን ከመሸ ልጅ ውጭ አይቆይም። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያሉ ዘመዶቻችንንም ዘንድሮ በስልክ ነው የጠየቅኳቸው፤ ሁሉም «መንገዱን ተወው» አለኝ። እዚያ ሙዚቃውን የሚያስቆመው የድምፅ ፈቃድ ነው። እዚህ ሌላ ነው።

ልጄ እግሯ በጭቃ ተለውሶ ገባች። አውራጁ በር ላይ ቆሞ የእጇን ማሰሪያ ያያል። «ሐኪም ቤት ነው ያሰሩልሽ?» አላት። ከፌስቲቫሉ ወዲህ አላወልቅም ብላለች፤ ጨርቁ ካልተቆረጠ አይወጣም። እትዬ መጀመሪያ ቀን ማተብ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። የትኬት ነው ስላቸው ቅር አላቸው።

ድርድሩን አልሰማሁም። ብቻ ልጄ እትዬን ምላጭ ስትለምን ሰማሁ። ልጁ ማሰሪያውን እጁ ላይ ቋጥሮ ሄደ፤ የኔ ስልክ ቁጥር እንደተጻፈበት። እሷ ጅራፉን ይዛ ገባች።

ጅራፉ አሁን ሻንጣ ውስጥ ነው። ብሪስቶል ጓሯችን ጠባብ ነው፤ አጥሩም አጭር። የጎረቤታችን አዛውንት በር ሲጋጭ እንኳን በመስኮት ብቅ ይላሉ። እህቴን ለሳቸው አንድ ሙልሙል እንድታስቀርልኝ ነግሬያታለሁ። አለርጂ ከሌለባቸው።