ኮዱ ቢከፈት ሥልጣኑ የማን ይሆናል?

የክርክሩ ሐሳብ ይህ ነው፦ «የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ በራሱ ገጽ ላይ አዛዥ የሚሆነው መድረኮቹ ኦፕን ሶርስ ሲሆኑ፣ ማለትም ኮዳቸውን ማንም አይቶ ሊወስደው ሲችል ብቻ ነው።» ደግፋ የምትከራከረው ወጣት ፕሮግራመር ናት። የሚቃወሙት ደግሞ አገር ቤትም ውጭም ያለ ሐበሻ የሚገናኝበትን ትልቅ ግሩፕ ለዓመታት በአድሚንነት የመሩ ጎልማሳ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግራመሯ፦ ጋሼ፣ ከትዊተር ልጀምር። ኢሎን መስክ በኦክቶበር 2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሁለት ወር ሳይሞላ ማስቶዶን ወደሚባለው ሌላ መድረክ የሚወስድ ሊንክ መለጠፍ ተከለከለ። ክልከላው ብዙ አልቆየም፤ ግን ተደርጓል። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ እንደ ትዊትቦት ያሉ፣ ሰው ለዓመታት የለመዳቸው የሌሎች ገንቢዎች አፖች ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ አቆሙ። ተጠቃሚውን ማን ጠየቀው? ማንም። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ስንት ዓመት የጻፉት ጽሑፍ፣ ስንት ዓመት ያፈሩት ተከታይ፣ ሁሉም በአንድ ሽያጭ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ማስቶዶን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጀርመን የሚኖረው ኦይገን ሮችኮ በ2016 የለቀቀው ሶፍትዌር ነው። ኮዱን ማንም ወስዶ በራሱ ሰርቨር፣ ማለትም መድረኩን በሚያሠራ ኮምፒውተር ላይ ይጭነዋል። ሰርቨሮቹ አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ደንብ ይነጋገራሉ፤ ጂሜይል ያለው ሰው ያሁ ላለው እንደሚጽፈው ማለት ነው። የሰርቨሩ ባለቤት ካስከፋዎት ወደ ሌላ ይዛወራሉ። አዲሱ አካውንት ላይ የድሮውን አድራሻ ያስገባሉ፣ ከዚያ ድሮው ላይ ገብተው ዝውውሩን ያዝዛሉ። ተከታዮችዎ ምንም ሳይነኩ አብረውዎት ይሻገራሉ።

አድሚኑ፦ ጽሑፎቼስ?

ፕሮግራመሯ፦ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። ቅጂያቸውን ማውረድ ይችላሉ፤ አዲሱ ገጽ ላይ ግን አይወጡም።

አድሚኑ፦ ጎሽ፣ ሳትደብቂ ስለነገርሽኝ። እንግዲህ እኔም ልናገር።

ኮዱ መከፈቱ ብቻውን ለእኔ ምንም አያመጣልኝም። ትዊተር እኮ በማርች 2023 ጽሑፍ የሚመርጥበትን ኮድ በከፊል ይፋ አደረገ። የሚያውቁት ገብተው ሲበረብሩ ጸሐፊው ኢሎን መሆን አለመሆኑን የሚለይ ነገር አገኙበት። ብዙም ሳይቆይ ተነሳ። ከሳቅ በቀር ምን ተረፈን? የኛ ሰው ከእጁ የማይለየውን ቴሌግራምንም እዪው። ስልካችን ላይ ያለው አፕ ኮዱ ክፍት ነው። ሰርቨሩ ግን ዝግ ነው። ሥልጣኑ ያለው ሰርቨሩ ጋ ነው።

አንቺ ደግሞ ሰርቨሩንም ለጎረምሳ ስጡት ትያለሽ። ከድጡ ወደ ማጡ! ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ እንኳ የራሱን የማስቶዶን ሰርቨር ከፍቶ በዲሴምበር 2024 ዘጋው። በ2023 ደግሞ ኤፍቢአይ ለሌላ ጉዳይ የአንድ የማስቶዶን ሰርቨር አስተዳዳሪን ቤት ሲፈትሽ፣ እዚያ የተገኘውን የኮሌክቲቫ የተባለ ሰርቨር ዳታ ቅጂ አብሮ ወሰደው። ተጠቃሚዎቹ ምን አጠፉ? ምንም። ትልቁ ኩባንያ ቢያንስ ጠበቃ አለው።

ፕሮግራመሯ፦ ስለ ቴሌግራም ያሉት ልክ ነው። እኔም ግማሽ ክፍት የሆነን ነገር ክፍት ነው አልልም። ሞዚላ ሲዘጋ ግን ምን ሆነ? ቀድሞ አስታወቀ፣ ሰዉም ተከታዮቹን ይዞ ወጣ። አንድ ትልቅ መድረክ ነገ ቢዘጋብዎት የት ይሄዳሉ? ኦገስት 2024 መጨረሻ ላይ የብራዚል ፍርድ ቤት ኤክስን፣ ማለትም የድሮውን ትዊተር፣ ሲያዘጋ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ብሉስካይ የተባለ ሌላ መድረክ ገባ። ተከታዮቹን ግን ይዞ አልመጣም። ከዜሮ ነው የጀመረው።

አድሚኑ፦ ብሉስካይም እኮ ኩባንያ ነው። ባለሀብቶች ገንዘብ አፍስሰውበታል። አብዛኛው ተጠቃሚም የሚኖረው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሰዉ ተነስቶ ሰርቨር የሚተክል መሰለሽ? እናቴ ፌስቡክ ላይ ያለችው ልጆቿ እዚያ ስላሉ ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ አዲስ መድረክ ትሬድስ በጁላይ 2023 ሲከፈት በ5 ቀን 100 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበበት። ስለ ኮዱ የጠየቀ አላየሁም።

ፕሮግራመሯ፦ እናትዎ ሰርቨር እንዲተክሉ ማንም አይጠይቃቸውም። እኔ የምፈልገው ሌላ ሰው ሊተክልላቸው እንዲችል ነው። ብሉስካይ ላይ ዛሬ ያለውን ላሳይዎት። የሚያነቡትን የሚመርጥልዎት አንድ አልጎሪዝም አይደለም። ማንም የራሱን ፊድ፣ ማለትም ገጽዎ ላይ የሚመጡ ጽሑፎችን ዝርዝር፣ ሠርቶ ያቀርባል፣ እርስዎ የፈለጉትን ይመርጣሉ። ቁጥጥሩም እንዲሁ ነው። አንድ ቡድን ጽሑፎችን እያነበበ «ስድብ»፣ «ያልተጣራ ወሬ»፣ «የጥቃት ጥሪ» የሚል ምልክት ይለጥፋል። እርስዎ ያንን ቡድን ይከተላሉ። ከዚያ ምልክት የተለጠፈበት ነገር ተሸፍኖ ይምጣ ወይስ ጭራሽ አይታይ፣ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። የዚህ መሣሪያ ኮድ ከ2024 ጀምሮ ክፍት ነው። አማርኛ የሚያነቡ፣ ትግርኛ የሚያነቡ፣ ኦሮምኛ የሚያነቡ ሰዎች ተሰብስበው የራሳቸውን ማቋቋም ይችላሉ። ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ አማርኛ አንባቢ እስኪቀጥርልን አንጠብቅም።

አድሚኑ፦ አሁን ወደ ቤቴ መጣሽ። እኔ ይህን ሥራ ሠርቼዋለሁ፣ በነፃ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ስልኬ ይጮኻል። የሰው ፎቶ፣ ስም፣ የሚኖርበት ሰፈር ተለጥፏል። ከሥሩ ኮሜንቱ ይንጋጋል። እኔ አጠፋዋለሁ። ያጠፋሁበት ወገን «ሽፋን ሰጠህ» ይለኛል። ያላጠፋሁለት ደግሞ «እነሱን ትፈራለህ» ይለኛል። መድረኩ ላይ ሪፖርት አደርጋለሁ፤ «ደንባችንን አይጥስም» የሚል መልስ ይመጣል። ስለዚህ ስለ ኩባንያዎቹ አታስረጂኝ፣ እኔም ቆስያለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «የጥቃት ጥሪ» የሚለውን ምልክት የሚለጥፈው ማን ነው? ያንቺ ቡድን እንደዚያ ያለውን፣ የሌላው ቡድን «ራስን መከላከል» ይለዋል። ሁሉም የየራሱን መርጦ ይከተላል። ያኔ አንድ አገር ሁለት ዓይነት ዜና ያነባል።

ፕሮግራመሯ፦ አሁንስ አንድ ዓይነት ነው የሚያነበው?

አድሚኑ፦ አይደለም። ግን አሁን የምከሰው ሰው አለኝ። የፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ነገር ታውቂዋለሽ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በኖቬምበር 2021 ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው እንደሚለው ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ በስማቸው የሚያነሳሱ ጽሑፎች ወጥተው ነበር። ሪፖርት ቢደረጉም በጊዜ አልወረዱም። ልጁ በዲሴምበር 2022 ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። በኤፕሪል 2025 የኬንያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ያ ጽሑፍ በየሰዉ ሰርቨር ላይ ተበታትኖ ቢሆንስ? አንዱ ሰርቨር ጀርመን፣ አንዱ ካናዳ፣ ሌላው የማይታወቅ ልጅ መኝታ ቤት። የፕሮፌሰሩ ልጅ ማንን ይክሰስ? ኮዱን?

ፕሮግራመሯ፦ ይህ ይከብዳል። አላቃልለውም። ግን ክሱ የሚጠይቀውን ልብ ይበሉ፤ ካሳ ብቻ አይደለም፣ አልጎሪዝሙም ይስተካከል ይላል። ያ አልጎሪዝም ምን እንደሚሠራ ከኩባንያው ውጭ የሚያውቅ የለም። የሜታ ሠራተኛ የነበረችው ፍራንሲስ ሆገን በ2021 ከሜታ የውስጥ ሰነድ ይዛ ባትወጣ ኖሮ፣ ስለ ኢትዮጵያ ውስጥ ለውስጥ ያወሩትን አናይም ነበር። ማስቶዶን ላይ ግን ያልተከተሉትን ሰው ጽሑፍ እየመረጠ ገጽዎ ላይ የሚያጎርፍ ማሽን የለም። የተከተሉት ሰው የጻፈው በሰዓቱ ቅደም ተከተል ይመጣል። ጥላቻ አይጻፍም አላልኩም። እየተመረጠ አይዛመትም ነው ያልኩት።

አድሚኑ፦ የጥላቻ ጽሑፍ የሚበዛበት መድረክ ጋብስ? በ2019 ያንኑ የማስቶዶን ኮድ ወስዶ ተጠቀመበት። የትራምፕ ትሩዝ ሶሻልም እንደዚያው።

ፕሮግራመሯ፦ ጋብን ብዙዎቹ ሰርቨሮች ወዲያው አገዱት። እዚያው ብቻውን ቀረ። ትሩዝ ሶሻል ደግሞ የኮዱ ፈቃድ ስለሚያስገድደው የራሱን ኮድ በ2021 ይፋ አድርጓል። ሕግ አለው እኮ ጋሼ፣ መድረሻ የሌለው ሜዳ አይደለም።

አድሚኑ፦ ሕግ ካልሽ ጥሩ። አውሮፓ ውስጥ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ትልልቆቹ መድረኮች በግል መረጃ ያልተመረጠ ፊድ ለተጠቃሚው ማቅረብ ግድ ሆኖባቸዋል። ቲክቶክም ፌስቡክም አቀረቡ። አንድ መስመር ኮድ አልተከፈተም። ቁልፉን ለተጠቃሚው ያስረከበው ሕግ ነው። እኔም እዚያ ላይ ብንጮኽ ይሻላል ነው የምለው።

ፕሮግራመሯ፦ ለአውሮፓ ሰው ነዋ! ዱባይ ላለችው እህትዎ፣ አዲስ አበባ ላለው ልጅ ማን ይጩኽላቸው? የኛን አገር ሕግ አውጪ እንመን ካሉኝ ደግሞ 2023ን አይርሱ። ከፌብሯሪ እስከ ጁላይ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተዘግተው ሰዉ በቪፒኤን ነበር የሚተነፍሰው።

አድሚኑ፦ ያንቺን ሰርቨርም ይዘጉታል፣ ያውም በቀላሉ።

ፕሮግራመሯ፦ አንዱን ይዘጉታል። አባሉ ወደ ሌላው ይዛወራላ።

አድሚኑ፦ ውይ፣ ዝውውር ዝውውር! እሺ ይሁን፣ እንሞክረው እንበል። የኛን ግሩፕ ይዘን ሰርቨር እንትከል። ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ሌሊቱን ማን ይጠብቃል?

ፕሮግራመሯ፦ ሂሳቡ አባሉ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ይሸፈናል፤ ዕድራችንም የሚሠራው እንደዚያው ነው። ሌሊቱን አንድ ፈረቃ እኔ እይዛለሁ። ግን መጀመሪያ የአባላቱን ዝርዝር ከግሩፑ ያውርዱልኝ።

አድሚኑ፦ እሱን መድረኩ አይሰጥም።

ፕሮግራመሯ፦ የርስዎ ግሩፕ አይደል እንዴ?

አድሚኑ፦ አይሰጥም አልኩሽ። አንድ በአንድ በውስጥ መስመር መጻፍ ነው ያለን። እሱን እኔ እጽፋለሁ፣ ጊዜ ይፈጅ እንጂ። አንቺ ግን ከራስሽ ሌላ ለሌሊቱ ሦስት ሰው አምጪልኝ፤ አንዱ ትግርኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ የሚያነብ ይሁን። ሳታመጪ ሰርቨር እንዳትገዢ።