ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት

እዚህ አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ የሥራ ባልደረቦቼ ባለፈው ቅዳሜ ጫካ ይዘውኝ ወጡ። "ዛሬ በዳች ኦቨን ዳቦ እንጋግራለን" አሉኝ። አንዱ ሽበታም ሰውዬ ከመኪናው ኋላ ጥቁር የብረት ድስት እያቃሰተ አወረደ። ዘጠኝ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከሥሩ ሦስት እግር አለው፤ ጉልቻውን ይዞ የሚዞር ድስት በሉት። ክዳኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ፍሙ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው።

ከክዳኑ ላይ ፍም። ከሥር ፍም። ሳቄ መጣ። ይሄማ ድፎ ነው!

ሰዎቹ ግን ቀልድ አያውቁም። ለዚህ ነገር ኮርስ አለ፣ ውድድር አለ። ዩታ ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ1997 የግዛቷ ይፋዊ ማብሰያ ብላ በሕግ ሰይማዋለች። ለድስት ሕግ! የእናቴን ምጣድ ማን አወጀለት?

"ሲዝኒንግ" እያሉ የሚያካብዱትም ማሟሸትን ነው። ድስቱን ያጥቡና ያደርቁታል፤ ዘይት ስስ አድርገው ቀብተው፣ ቤት ባለው ኦቨን ውስጥ በአፉ ደፍተው፣ በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩታል። ዘይቱ ብረቱ ላይ ደርቆ ምግብ የማያስይዝ ጥቁር ሽፋን ይሆናል። ዘይት ከበዛ ግን ሙጫ ነው የሚሆነው። እኛ በጎመን ዘር ስንጨርሰው ማንም ሰርተፊኬት አልሰጠንም።

ሰውዬው ፍሙን በመቆንጠጫ አንድ፣ ሁለት እያለ መቁጠር ጀመረ። ከሰላቸው በፋብሪካ የተጠፈጠፈ፣ ሁሉም እኩል ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ የድስቱ ስፋት 12 ኢንች ከሆነ ሦስት ደምረህ 15 ከላይ፣ ሦስት ቀንሰህ 9 ከታች። ወደ 180 ዲግሪ ገደማ ይሰጥሃል። የታችኞቹ በክብ ነው የሚደረደሩት፤ መሃል ላይ ምንም።

እኔ ነኝ ፍም የምቆጥረው? የድፎ ልጅ! "ለእኔ ተዉት" አልኩና አንድ አካፋ ፍም ከሥር ዘረገፍኩ። ከላይ የተረፈውን በተንኩ። "በየ15 ደቂቃው ድስቱን ሩብ ወደ ቀኝ፣ ክዳኑን ሩብ ወደ ግራ አዙር፤ አለዚያ አንድ ቦታ ብቻ ያርርብሃል" አለኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ አላዞርኩም።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሽታው መጣ። ክዳኑን በሜንጦ አነሳነው። ከታች ከሰል፣ ከላይ ሊጥ። ለካ የታችኛው ብረት ሊጡን ስለሚነካ ትንሽ እሳት ይበቃዋል፤ የላይኛው ሙቀት አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ነው ፍሙ ከላይ የሚበዛው።

ማንም አልሳቀም። ሰውዬው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጥሩ ሙከራ ነው" አለኝ። ይቺ ናት ያንገበገበችኝ። አገር ቤት ቢሆን "እህል አበላሸህ!" ተብዬ ተሰድቤ በዚያው ያልቅ ነበር። በፈገግታ መታዘን እስከ ዛሬ አልለመደልኝም።

ማታ እናቴጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ድፎ ስትጋግሪ ከላይ ስንት ፍም ነው የምታደርጊው?"

"ፍም ይቆጠራል እንዴ? ምን ነካህ ልጄ?"

"ታዲያ በምን ታውቂያለሽ?"

"እጄን ዘርግቼ ነዋ! አንተ መቼ ማጀት ገብተህ ታውቅና።"

"ማን አስወጣኝ?" አልኳት። እውነቴን ነው። ብቅ ባልኩ ቁጥር "ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል" ተብዬ በማማሰያ የተባረርኩት በማን ሆነና! ትኩሱን ዳቦ ስበላ ኖሬ የጋገርኩ መስሎኛል። እዚህ ደግሞ ጢማም ጎረምሶችና ሽማግሌዎች ስለ ፍም ይከራከራሉ። ዓመቱን ሙሉ ጭስ ያቃጠለው የእናቴ ዓይን ለእነሱ የቅዳሜ መዝናኛ ነው።

"ለመሆኑ ዳቦው ምን ሆነ?" አለችኝ።

"አረረ።"

"ከታች?"

"ከታች።"

"የታቹን አብዝተህ ነዋ!" ከውቅያኖስ ማዶ፣ ያለ ኢንች፣ ያለ መቆንጠጫ። "ኮባስ አላደረግክበትም?"

"ኮባ ከየት ይመጣል? ወረቀት አነጠፍን።"

ዝም አለች።

"ወረቀት?" አለችና ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት።