ጋዝ ስንት ገባ?

ጅማ ሰላምታዋን ቀይራለች። ድሮ ፈረንጅ አራዳ ላይ ሁለት ወዳጆች ሲገናኙ መጀመሪያ "አካም?" ይባባላሉ፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ ቡና ዋጋ ያወራሉ። አሁን ስልኩን ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ "ጋዝ ስንት ገባ?" የሚል ትውልድ መጥቷል።

ለማያውቅ ላስረዳ። ጋዝ ማለት ኢቴሪየም በሚባለው የክሪፕቶ፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ፣ መረብ ላይ ገንዘብ ለማስተላለፍ የሚከፈለው የአገልግሎት ዋጋ ነው። የሚለካው በግዌይ ነው። አንድ ግዌይ የአንድ ኤተር፣ ማለትም የመረቡ ገንዘብ፣ ቢሊዮንኛ ነው። በየ12 ሴኮንዱ አዲስ ብሎክ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመዘገብ የዝውውር ጥቅል፣ ይመጣል፤ ዋጋውም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ያለ ጠባቂ አይተውም። ደግነቱ ከተማችን ጠባቂ አላጣችም።

ደካማ ሰው ድረ ገጽ ከፍቶ፣ ቁጥሩን አይቶ ይዘጋል። በቃ። የኛዎቹ ግን ኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም ሲጠየቅ ራሱ ፈልጎ የሚመልስ ፕሮግራም፣ አላቸው። ይጠይቁታል። ኤጀንቱ ያስባል። ቁጥሩን ከድረ ገጽ ያመጣል። ከዚያ ስለ መረቡ መጨናነቅ አራት አንቀጽ ይጽፋል። አንብበው ሲጨርሱ ዋጋው ተቀይሯል፤ ስለዚህ እንደገና ይጠየቃል። ሥራ አጥነት እንዲህ ነው የሚቀረፈው።

ከሁሉም የማደንቀው አንድ የሰፈሬን ልጅ ነው። ፈረንጅ ቢሮውን ሲዘጋ ጋዝ ይረክሳል ብሎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። እናቱ ለሱብሂ የነቃ መስሏት "አላህ ያሳድግህ ልጄ" ትለዋለች። "አሚን" ይላል፤ ዓይኑ ግን ስክሪኑ ላይ ነው።

አንድ ሰሞን ይኸው ልጅ "40 ግዌይ ገብቷል" ብሎ ሰፈሩን ሐዘን ላይ ጣለው። በሦስተኛው ቀን ኤጀንቱ ከምንም ጋር እንዳልተገናኘ ታወቀ። ለካ ድሮ ከተማረው ነበር ቁጥር የሚያወራው፤ ያውም በሙሉ ልብ። ልጁ አልተናደደም። "በራስ መተማመኑን ግን አየኸው?" አለኝ።

አንዳንድ ምቀኛ ሒሳብ ይሠራል። አንድ ተራ ዝውውር 21,000 የጋዝ አሃድ ይበላል። እያንዳንዱ በ2 ግዌይ ሲሰላ 0.000042 ኤተር ነው። ኤተሩ 3,000 ዶላር ቢሆን እንኳ 13 የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም። ለኤጀንቱ ግን በወር 20 ዶላር ይከፈላል፤ ሦስት ሆነው ነው የሚያዋጡት። በዚያ ገንዘብ ከ150 ጊዜ በላይ መላክ ይቻል ነበር። እሺ፣ ይቻል ነበር። ግን ማን ላከ?

ሕግ አክባሪነታቸውንም ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በአገራችን በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። የኛ ልጆች አንዲት ነገር አልጣሱም። የተከለከለው መገበያየት ነው እንጂ የመላኪያውን ዋጋ መጠየቅ አይደለም። ላሟ ሰማይ ላይ ብትሆንም የግጦሹን ኪራይ ያውቃሉ።

በአባ ጅፋር ጊዜ ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ኬላ ላይ ቀረጥ ይጠየቅ ነበር። ኋላ ቀር ዘመን! ኬላው ስንት እንደሚያስከፍል የሚጨንቀው በቅሎ የጫነ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ በቅሎም ጭነትም ሳይኖር ሌሊቱን ሙሉ ስለ ኬላ መጨነቅ ተችሏል።

ሌላውን የክሪፕቶ ገንዘብ፣ ቢትኮይንንም አልዘነጉም። እሱ እንደ ባጃጅ ነው። ተሳፋሪው ኪሱ ውስጥ ሚሊዮን ይኑረው አሥር ብር፣ ታሪፉ አይለወጥም፤ የሚከፈለው ለያዘው ቦታ ነው። የሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነገር ከተነሳማ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ያን ቀን ማዕድን ቆፋሪ የሚባሉት፣ ዝውውሩን በኮምፒውተር የሚመዘግቡት ሰዎች ሽልማት በግማሽ ሲቀነስ፣ አማካዩ የቢትኮይን መላኪያ ከ100 ዶላር አልፎ ነበር። ሽማግሌ የጦርነት ታሪክ እንደሚያወራ ያወሩታል። የቆሰለ ግን የለም።

ባለፈው ማክሰኞ ከልጁ ጋር ቡና ልንጠጣ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። መብራት ጠፍቷል። እኔ በርጩማዬን ከጭሱ እያሸሸሁ፣ ልቡን ደስ እንዲለው ብዬ "ዛሬስ ጋዝ ስንት ገባ?" አልኩት።

"ወርዷል! አሥራ ሦስት ሳንቲም አይሞላም።"

ቡና የምታፈላልን እናቱ ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

"ጋዝ?"

"አዎ እማ። ሌሊት ደግሞ ከዚህም ይረክሳል።"

ምንም አላለችም። ጓዳ ገባች። ስትመለስ ቢጫ ጄሪካን ይዛ ነበር። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

"አምስት ሊትር አምጣልኝ ልጄ። ሌሊት ስትሄድ ግን ጃኬት ልበስ።"