በሽተኛውን መውቀስ ይብቃን

ወገኖቼ፣ እስቲ ተዉ እንባባል። ሰው ታመመ ሲባል ፍርዱ እንዴት ነው ቶሎ የሚመጣልን? ስኳር ከያዘው “አፉን አይችልም ነበር” እንላለን። ልቡ ከደከመ “ድሮም ራሱን አይጠብቅ!” ልጅ ተቅማጥ ከያዘው እናትየዋ ዝርክርክ ናት። ይህን ብለን እንጨርስና ጓሮ ወጥተን የቆሻሻው ክምር ላይ ክብሪት እንጭራለን።

ስለዚያ እሳት ላውራ። ፌስታሉ መጀመሪያ ይኮማተራል፤ ከዚያ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ጥቁሩ ጭስ ትንሽ ከፍ ይልና አጥሩን ዘሎ በጎረቤት መስኮት ይገባል። እኛ በራችንን ዘግተን እንተኛለን። ከራስ በላይ ነፋስ አይደል! ጭሱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ግን ከፀጉር ውፍረት ከ20 ጊዜ በላይ ያንሳል። ሳንባ አያቆመውም። ደም ውስጥ ይገባል፤ ልብንም አንጎልንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በአየር ብክለት ምክንያት በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ያህል ሰው ያለጊዜው እንደሚሞት ይገምታል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 የለንደንን ሰማይ የድንጋይ ከሰል ጭስ ለአምስት ቀን ዘጋው። መጀመሪያ 4,000 ያህል ሰው ሞተ ተባለ። ኋላ ላይ የመረመሩት ቁጥሩን ወደ 12,000 አደረሱት። የእነዚያ ሰዎች ጥፋት ምን ነበር? መተንፈሳቸው። በ1956 የመጣው መፍትሔም “ተጠንቀቁ” የሚል ምክር አልነበረም። ጭሱን የሚገድብ ሕግ ነው።

አከራዮች፣ እናንተም አላችሁበት። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ታጭቃላችሁ። ግድግዳው እርጥበት ይዞ ሲሻግት ቀለም ትደርቡበትና ለሚቀጥለው ተከራይ ታሳያላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ ይላላጣል፣ ሻጋታው እንደገና ብቅ ይላል፣ አስም ያለበት የተከራዩ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፍነው ያድራል። ቲቢም የሚተላለፈው በአየር ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ለቲቢ ሠርግና ምላሽ ነው።

አለቆችም አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ፣ የብሪታንያ መንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ኋይትሆል ይባላል። ሁሉም ሥራ ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ ችጋር የለባቸውም። በሥራ ደረጃ ታች ያሉት ግን በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከላይኞቹ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። አጥኚዎቹ ሲጋራውንም የደም ግፊቱንም ቆጥረው ቢያሰሉም ልዩነቱ አልጠፋም። ቀጥሎ የመጣው ጥናት ደግሞ በገዛ ሥራው ላይ መወሰን የማይችል ሰው ልቡ የበለጠ ለሕመም እንደሚጋለጥ አሳየ። እንግዲህ የነገውን ፈረቃ ማታ በስልክ የምትቀያይሩ፣ ሠራተኛችሁን ደም ግፊት ሲይዘው “ጨው ቀንስ” ብላችሁ አትምከሩት።

ሲጋራ አጭሱ፣ እንዳሻችሁ ብሉ ማለቴ አይደለም። ሰው በእጁ ያለውን ይጠብቅ። በእጁ የሌለው ግን ይበዛል። ያቺ ዝርክርክ ያልናት እናት ውሃውን ከየት ቀዳች? ቧንቧው ቦይ ውስጥ ተሰንጥቋል። ግፊቱ ሲቀንስ ፍሳሹን እየሳበ ነው ወደ ቤቷ የሚመጣው። እጇን አሥር ጊዜ ብትታጠብም በዚያው ውሃ ነው። እኛ የሰፈር ስብሰባ ሲጠራ ስለ አጥርና ስለ መኪና ማቆሚያ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ያ ቧንቧ መቼ እንደሚጠገን፣ ቆሻሻውም ለምን በሰዓቱ እንደማይነሳ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቀን ይቆረጥ። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ተያይዛችሁ የሚመለከተው ቢሮ ድረስ ሂዱ።