ሞኬት ከላይ በትራፓኖ አይበሳም! አይበሳም!

አሁን ከጋራዥ መግባቴ ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። የቮልሷ የቀኝ በር ፓኔል፣ ያ የውስጥ ሽፋኑ፣ ከነሞኬቱ አለቀለት። በቃ።

ሁለት ቅዳሜና እሁድ እኮ ነው የፈጀብኝ! አሮጌውን ነቅዬ፣ በሱ ልክ 3 ሚሊ ኮምፖርሳቶ ላይ አስምሬ ቆርጬ፣ ማስቲሹን ሁለቱም ላይ ቀብቼ፣ ጣት ላይ መያዙን እስኪያቆም ጠብቄ፣ ያንን ግራጫ ሞኬት አንድም ቦታ ሳይነፋ ለጠፍኩት። የቀረኝ ቀዳዳ ብቻ ነበር። የመስታወት ማዞሪያው፣ የበር መክፈቻው፣ የክንድ መደገፊያው ሁለት ቪቴ። አራት ቀዳዳ! እሱንም ቤቴ እበሳው ነበር፣ ግን እኛ ሰፈር፣ ዓለም ገና፣ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ስለዚህ ጋራዥ ወሰድኩት።

ለጋራዡ ሰውዬ ገና ሳልቀመጥ ነው የነገርኩት። "ጋሼ፣ መጀመሪያ ሞኬቱን በካተር በመስቀል ሰንጥቀው ገለጥ ያርጉት፣ ከዛ ኮምፖርሳቶውን ብቻ ይብሱ፣ የትራፓኖው ፑንታ ክሩን እንዳይነካው።" እሺ አለኝ። እሺ ብሎ ዞረና ልጁን "ብሳው" አለው። ልጁም ምን ያድርግ፣ ትራፓኖውን አስነስቶ ከላይ ሰካው። ፑንታው ክሩን ያዘ፣ ጠቀለለው፣ ከዛ ጭርርርር እያለ ከቀዳዳው እስከ ፓኔሉ ጠርዝ ድረስ አንድ መስመር ተርትሮ ወሰደው። ሹራብ ሲተረተር አይታችኋል? እንደዛ። ሞኬቱ መሀል ላይ ራሰ በራ መንገድ ወጣበት።

"ጋሼ ምን ብዬ ነበር?" ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ወንድሜ፣ ሞኬት እኮ ነው፣ ሐር አይደለም። ማን ያየዋል?"

ማን ያየዋል! እኔ አየዋለሁ! በሩን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ!

"እንዲህ ካወቅክ ታዲያ ለምን ቤትህ አልበሳኸውም?"

"መብራት ጠፍቶ ነው" አልኩ። በረንዳው ላይ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ትን አለው። ሌላው "በሻማ ብሳው!" ብሎ ጨመረበት፣ እንደገና ሳቅ። ፓኔሌን ታቅፌ እንደ ተቀጣ ተማሪ መሀላቸው ቆሜ ቀረሁ።

ይሄ ሳያንስ ቀዳዳው ራሱ ቦታው አይደለም! በዓይኑ ነው የለካው። አሮጌው ፓኔል እዛው አጠገቡ ተጋድሟል፣ ላዩ ላይ ማስቀመጥና ማስመር ነው፣ ወይም የማዞሪያው ዘንግ ጫፍ ላይ ጠመኔ ቀብቶ ፓኔሉን ከበሩ ጋር ጫን ማድረግ፣ ከጀርባው ቁልጭ ብሎ ይታተማል። ዘንጉ ከቀዳዳው አንድ ጣት ወደታች ቀረ። "ችግር የለም፣ እናሰፋዋለን።" አሰፉት። አሁን የህጻን እጅ ያስገባል፣ ማዞሪያውም አይሸፍነውም።

"ይሸፈናል" ግን እስከመቼ ነው? ላሜራ ሰሪውም ወለሏን ሲበይድ ዝገቱን ሳይፍቅ "ሞኬት ይሸፍነዋል" ብሎኛል፣ ክረምት ላይ እግሬ ስር ውሃ ቋጠረ። ሶማሌ ተራ "ኦርጅናል" ተብዬ የገዛኋቸው የፓኔል ክሊፖች የሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ አንድ በአንድ ረገፉ። የመጨረሻዋ የድሮ ቮልስ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ተመርታ አብቅቷል፣ ፋብሪካ ሄጄ ሌላ በር ስጡኝ አልል! ጎረቤቶቼ ደግሞ በእኛ 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ "ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ" ማለት ስራቸው ሆኗል። መብራቱ የታለ እሱን የምሞላበት? ኧረ ተዉኝ።

ደሞ የሚያቃጥለኝ፣ ያ "በሻማ ብሳው" ያለው ሰውዬ ሳያውቀው እውነት ተናገረ። ሰው ሰራሽ ሞኬት በጋለ ሚስማር ይበሳል! ክሩ ቀልጦ ጠርዙን ይይዘዋል፣ አይተረተርም፣ ከዛ ፑንታው በዛው ገብቶ እንጨቱን ይበሳል። ማስቲሹ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው ታዲያ፣ እርጥብ እያለ እሳት ካስጠጋችሁት ይቀጣጠላል። ይሄን እያወቅኩ ፓኔሌን ለሰው እጅ የሰጠሁት መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነው።

የግራው በር ገና አልተነካም። ነገ ጠዋት ከሰል አያይዤ እኔው ራሴ እበሳዋለሁ፣ ማንም እንዳይጠጋኝ። ለቀኙ ግን ሞኬቱ አልቆብኛል። ግራጫ፣ ክሩ አጭር የሆነ፣ አንድ ሜትር የተረፈው ካለ ባካችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ሰበታም ቢሆን መጥቼ እወስዳለሁ።