ጣና ዳር ካዚኖ? እኔስ አልተዋጠልኝም

አንድ ጸሐፊ ባወጡት ጽሑፍ «ትልቅ ካዚኖ ቢከፈት የደከመ ከተማ ይነቃል፣ ባሕር ዳርም ብታስብበት» ይላሉ። እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አልተዋጠልኝም።

አትላንቲክ ሲቲን እንይ። አሜሪካ ውስጥ ያለች፣ እንደኛው ውሃ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 ሕዝቡ በድምፁ ካዚኖ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው በ1978 ተከፈተ። ሥራ አልፈጠረም አልልም፣ ብዙ ሺህ ሰው ቀጥሯል። ግን ካዚኖ የሚሠራው እንግዳው እንዳይወጣ ተደርጎ ነው። ምግቡም፣ አልጋውም፣ ሙዚቃውም እዚያው ውስጥ! ጎን ያለው ምግብ ቤት ታዲያ ምን ይደርሰዋል? ጎረቤት ግዛቶች የራሳቸውን ሲከፍቱ ደግሞ ገበያው ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ብቻ አራት ካዚኖዎች ተዘጉ።

አሁን ወደ እኛ። እንግዳ ሲመጣ ጀልባ ተከራይቶ ወደ ዘጌ ይሻገራል። ሲመለስ ዓሣ ጥብስ ይበላል፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጋ ቁጭ ይላል፣ ማታ በባጃጅ ወደ አልጋው ይገባል። ያቺ ብር አራት ኪስ ትገባለች። እኔ ከተማ ሲነቃ የማውቀው እንዲህ ነው።

ቁማሩንማ መች አጣነው? ሰፈራችን ቤቲንግ ቤት በር ላይ ጠዋት ጠዋት የተቀዳደደ ቲኬት ይጠረጋል። ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤቴ የቀን ገቢውን እዚያ ጥሎ፣ ለነዳጅ ከእኔ ተበድሮ ያውቃል። (እስካሁን አልመለሰም፣ ይሁን።)

ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ከሐይቁ ላይ እምቦጩ ይነቀል።