ጨርሰናል ማለት

ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ላፕቶፔን ዝጋ አልኩት። «ሻቲንግ ዳውን» አለ። ነጫጮቹ ነጠብጣቦች መዞር ጀመሩ። ጥርሴን ፋቅሁ፣ የግቢውን በር ቆለፍኩ፣ ተመለስኩ። ይዞራሉ። ኋላ ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። እሰይ ብዬ የክፍሉን መብራት ሳጠፋ፣ በጨለማው ውስጥ እፍፍፍ የሚል ድምፅ። ፋኑ ይሽከረከራል። የጎኑ መብራትም እንደ ድመት ዓይን ፍጥጥ ብላለች።

ይህ አመል ከጀመረው ሳምንት አልፎታል። ባለፈው ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ዘግቼዋለሁ ብዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩትና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቦርሳውን ታቅፌዋለሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ሆዴን ሞቀኝ። ኮምቦልቻ ከደሴ ሞቅ ትላለች፣ እየደረስን ነው አልኩ። ከጎኔ ያሉ እናት ቦርሳውን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ትኩስ ዳቦ ነው የያዝከው?» አሉኝ። ብከፍተው ፋኑ ይጮኻል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሙሉ ሥራ ላይ ነበር! ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ብርድ ባለበት ቢሆን እንኳ እግር ያሞቅልኝ ነበር።

ፒያሳ አካባቢ ለአንድ ጠጋኝ ወሰድኩለት። ገና ከቦርሳው ሳላወጣው «ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ይፈልጋል» አለ። ፎርማት! ድምፅ እምቢ ካለ ፎርማት፣ ቻርጅ ካልያዘ ፎርማት። ይዤ ወጣሁ። ምክንያት አለኝ። ከ3 ዓመት በፊት ሌላው እንዲሁ ፎርማት አድርጎልኝ የእህቴ ሰርግ ፎቶ በሙሉ ሄደ። አንድም አልቀረ። ስጮህ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አብሽር ጋሼ፣ ግን ፈጠነልህ አይደል?» ፍጥነት ማን ጠየቀህ፣ አንተ ሰው! እናቴ ያንን ሰርግ አሁን የምታየው በወሬ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይህችን ተረት እወዳታለሁ። ጤፍ ይሁን ጥሬ አትነግረንም፤ ጎንበስ ብላ ስትለቅም ግን ትታየኛለች። የላፕቶፔም በሽታ እሷው ሆና ተገኘች። ዊንዶውስ 8 በፈረንጆቹ 2012 ሲወጣ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ዝጋ ሲሉት የከፈታችሁትን ፕሮግራም ይዘጋል፤ የራሱን ልብ ግን አይዘጋም። ነገ ቶሎ ለመነሳት የነበረበትን ሁኔታ ዲስኩ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። አንዱ ድራይቨር፣ ማለትም የላፕቶፑን ዕቃ ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ በዚህ ካልተስማማ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስክሪኑ ተኝቶ ፋኑ ሲዞር ያድራል። የሚገርመው፣ ሪስታርት ሲሉት ከልቡ ዘግቶ ነው የሚነሳው። ዝጋ ሲሉት አይዘጋም፣ ተነስ ሲሉት ይዘጋል።

እንዲህ ያለ ጉድ ያየሁት እድራችን ውስጥ ብቻ ነው። አንድ እሁድ ሰብሳቢው «እንግዲህ ጨርሰናል፣ በሰላም ያገናኘን» አሉ። ጨርሰናል ከተባለ ብዬ ወጣሁ። ለካ ከኋላዬ «አንዲት ነገር ብቻ» ብለዋል። አንዲቷ ነገር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀች፤ ስለ ድንኳኑ ገመድ። በወሩ ስሄድ ስብሰባ አቋርጠህ ወጥተሃል ተብዬ 30 ብር ተቀጥቻለሁ።

«ጨርሰናል ብለው አልነበር?» አልኳቸው።

«ጨርሰናል አልኩ እንጂ ውጡ አልኩ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ብሩ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ከፈልኩ፣ ደረሰኙም እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ግን እንዴት ነው አንድ ስብሰባ ማለቁን የሚያውቀው? በዱዓ እንዳይባል፣ ዱዓው ተደርጎ ነበር! ቡና እንኳ ልክ አላት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከዚያ ረከቦቱ ይነሳል። የእድሩ በረካ የት ነው? ይህንኑ ጠቅሼ አቤቱታ ጽፌ ነበር። ሦስት ገጽ ሆነና ረዝሟል ተብሎ ሳይነበብ ቀረ።

ላፕቶፑስ? አዎ። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገባሁ፤ የማጥፊያው ቁልፍ ምን ይሥራ የሚለውን ከፈትኩ። ፋስት ስታርትአፕ ደብዝዞ አይነካም፤ ከላዩ ያለችውን ሰማያዊ ጽሑፍ ስጫን ተከፈተልኝ፣ ምልክቱን አነሳሁበት። ለአንድ ቀን ብቻ ለሚቸግረው ሺፍትን ይዞ ሻት ዳውን ማለትም ይበቃል። ዘጋሁት። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ጸጥ። መብራቷም ጠፋች።

«አልጨረስክም እንዴ?» አለች ባለቤቴ ከመኝታ ቤት።

«ጨርሻለሁ» አልኩ። ከዚያ ያ አቤቱታ ትዝ አለኝ። ወደ አንድ ገጽ ቢያጥር እኮ ይነበባል። ክዳኑን መልሼ አነሳሁት።